ሰለሞን ካርተር ፉለር፦ የመርሳትን በሽታ የመረመሩ አፍሪካዊ ሐኪም



በዚህ እትም የአንድ ሐኪም የሕይወት ታሪክ ይዤላችሁ ቀርቤአለሁ። ሐኪሙ ዶክተር ሰለሞን ካርተር ፉለር ይባላሉ። የተወለዱት በአፍሪካ፣ በላይቤሪያ ነው። ሕክምና የተማሩት፣ የሠሩትና ያረፉት ደግሞ በአሜሪካ ነው። ካረፉ ከሰባ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። እኔ የማኅበራችንን ሒሳብ የምይዝ እንጂ የሕክምና ሰው አይደለሁም። ይሁን እንጂ የእኚህን ሰው ታሪክ ሳነብ ሁለት ነገሮች ከእኛ ኑሮ ጋር ገጠሙብኝ። አንደኛው፣ እኛ እርጅና ነው ብለን የምናልፈውን የመርሳት ችግር የአንጎል በሽታ ነው ብለው በማይክሮስኮፕ ከመረመሩት የመጀመሪያዎቹ ሐኪሞች አንዱ መሆናቸው ነው። ሁለተኛው፣ ለብዙ ዓመት የሠሩት ሥራ በማዕረጋቸውም በደመወዛቸውም ላይ ሳይታይ መቅረቱ ነው። በየቤታችን አረጋዊ የምታስታምም ሴት የምትሠራው ሥራም እንዲሁ በማንም መዝገብ ላይ አይታይም። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኳቸው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በየቤቱ ያለ ችግር

ከቆቦ ከተማ እስከ ሮቢትና ጎብዬ ድረስ ብንጠይቅ ይህን ችግር በዘመድ ወይም በጎረቤት ቤት ያላየ ሰው ማግኘት ይከብዳል። አንዲት እናት ወጥ ጥደው ይረሳሉ። ጨው ጨምረው እንደገና ይጨምራሉ። የእድር መዋጮ ከፍለው ሳለ አልከፈልኩም ብለው ገንዘብ ቋጥረው ይመጣሉ። ቁልፋቸውን ማሽላው ጎታ ውስጥ ይሸሽጉና ሌባ ገባብኝ ብለው ጎረቤት ይጠረጥራሉ። እያደር ልጃቸውን በሟች እህታቸው ስም መጥራት ይጀምራሉ። አርባ ዓመት የኖሩበት ሰፈር ይጠፋባቸዋል። በመጨረሻም መጉረስና መልበስ እንኳ ያቅታቸዋል።

ሰው ይህን ሲያይ ጃጁ ይላል። አንዳንዱ መተት ነው ይላል። አንዳንዱ ዛራቸው ተቆጥቶ ነው ይላል። ሌላው ደግሞ ልጆቻቸው ቢያስከፏቸው ነው ብሎ ጣቱን ወደ ቤተሰቡ ይቀስራል። ይህ ሁሉ ወሬ መጨረሻ ላይ የሚያርፈው በሴት ልጅ ወይም በምራት ላይ ነው። ቤተሰቡም ሐሜቱን ሲፈራ አረጋዊቷን ከሰው ዓይን ይሸሽጋል።

ዶክተር ፉለር ሥራ በጀመሩበት ዘመን በአሜሪካም ቢሆን ሁኔታው ከዚህ ብዙ የተሻለ አልነበረም። በእርጅና ወራት አእምሯቸው የደከመ ሰዎች ወደ ትላልቅ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታሎች ይገቡና እዚያው ዕድሜያቸውን ይጨርሱ ነበር። ለምን እንዲህ ሆኑ ብሎ የሚጠይቅ ሐኪም ጥቂት ነበር። ፉለር ከእነዚያ ጥቂቶች አንዱ ነበሩ።

ከሞንሮቪያ እስከ ቦስተን

የፉለር አያት ጆን ሉዊስ ፉለር በአሜሪካ በቨርጂኒያ ግዛት በባርነት ይኖሩ ነበር። ጫማ ሰፊ ስለነበሩ ከእጅ ሥራቸው ባጠራቀሙት ገንዘብ በመጀመሪያ የራሳቸውን፣ ቀጥሎም የባለቤታቸውን ነጻነት ገዙ። ከዚያም በ1852 ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ላይቤሪያ ተሻገሩ። ላይቤሪያ ከአሜሪካ የመጡ ጥቁሮች የመሠረቷት የአፍሪካ አገር ናት። የሰውየው ልጅ በዚያ የቡና እርሻ አለሙ፤ በመንግሥት ሥራም አገለገሉ። ያገቧቸው ሴት አና ኡርሲላ ጀምስ ደግሞ የሚሲዮን ሐኪሞች ልጅ ነበሩ።

ከእነዚህ ባልና ሚስት ሰለሞን ካርተር ፉለር ነሐሴ 11 ቀን 1872 በሞንሮቪያ ከተማ ተወለዱ። እናታቸው ልጃቸውንና የአካባቢውን ልጆች የሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ከፍተው ስለነበር ፉለር ለትምህርት የበቁት በእናታቸው ጥረት ጭምር ነው። በእናታቸው ወገን ያሉት አያቶቻቸው ሐኪሞች መሆናቸውም ልባቸውን ወደ ሕክምና ሳበው።

በ1889 የ17 ዓመት ወጣት ሳሉ መርከብ ተሳፍረው ወደ አሜሪካ ሄዱ። አያታቸው ነጻነታቸውን ገዝተው የወጡባት አገር ማለት ነው። በኖርዝ ካሮላይና ግዛት በሚገኘውና ለጥቁሮች በተቋቋመው ሊቪንግስተን ኮሌጅ ገብተው በ1893 ተመረቁ። ሕክምና መማር የጀመሩት በኒውዮርክ ብሩክሊን ሲሆን፣ ትምህርቱን የጨረሱት ግን በቦስተን ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1897 የሕክምና ዶክትሬታቸውን አገኙ።

በዚያው ዓመት ከቦስተን በስተምዕራብ በሚገኘው በዌስትቦሮ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል በተለማማጅ ሐኪምነት ተቀጠሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ የሆስፒታሉ የፓቶሎጂ ክፍል ኃላፊ ሆኑ። በዚያው ጊዜ በቦስተን ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤትም ማስተማር ጀመሩ። ፓቶሎጂ ማለት ከሰውነት ላይ የተወሰደን ናሙና ወይም የሞተ ሰውን አካል በመመርመር የበሽታውን ምክንያት የሚፈልግ የሕክምና ዘርፍ ነው። ሥራው ከኦዲተር ሥራ ጋር ይመሳሰላል። ኦዲተር ዓመቱ ካለፈ በኋላ ሰነድ እያገላበጠ ጉድለቱ የት ላይ እንደተፈጠረ ይፈልጋል። ፉለርም በሽተኛው ካረፈ በኋላ አንጎሉን እየመረመሩ ጉዳቱ የት ላይ እንደደረሰ ይፈልጉ ነበር።

የሙኒክ ላቦራቶሪ

በዚያን ዘመን በአንጎል ምርምር ቀድማ የሄደችው አገር ጀርመን ነበረች። ፉለር በ1904 ከሥራቸው ፈቃድ ወስደው ወደ ሙኒክ ከተማ ሄዱ። በዚያ የነበረውን የአእምሮ ሕክምና ክሊኒክ የሚመሩት ታዋቂው ሐኪም ኤሚል ክሬፔሊን ነበሩ። የክሊኒኩን የአንጎል ላቦራቶሪ የሚመሩት ደግሞ አሎይስ አልዛይመር ነበሩ። ዛሬ በሽታው የሚጠራው በእኚሁ ሰው ስም ነው። አልዛይመር ለምርምር ረዳትነት ከመረጧቸው አምስት የውጭ አገር ተማሪዎች አንዱ በሞንሮቪያ የተወለዱት ፉለር ሆኑ።

የላቦራቶሪው ሥራ ትዕግሥት የሚፈትን ነው። በመጀመሪያ አንጎሉ በመድኃኒት ውስጥ ተነክሮ እንዲጠነክር ይደረጋል። ቀጥሎ ከወረቀት በቀጠነ ልክ ይቆረጣል። ከዚያም የብር ማዕድን ባለበት ውሁድ ይቀለማል። በዚህ ጊዜ ቀድሞ የማይታዩት የነርቭ ክሮች ጠቁረው በማይክሮስኮፕ ይታያሉ። ፉለር ይህን ጥበብ ከአልዛይመር ላቦራቶሪ ተምረው በ1905 ወደ ዌስትቦሮ ተመለሱ።

ከእሳቸው መመለስ በኋላ በሙኒክ የሆነውን ነገር እዚህ ላይ ማንሳት ያስፈልጋል። አውጉስተ ዴተር የተባሉ ጀርመናዊት በ1901 በ51 ዓመታቸው ፍራንክፈርት በሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገብተው ነበር። ባለቤታቸው የባቡር መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ሴትዮዋ ዕቃ መደበቅ፣ ባላቸውን መጠርጠር፣ በገዛ ቤታቸው ውስጥ መንገድ መሳት ጀምረው ነበር። አልዛይመር በዚያን ጊዜ በዚያው ሆስፒታል ይሠሩ ስለነበር በየቀኑ እየጠየቁ መልሳቸውን ይጽፉ ነበር። ሴትዮዋ የባላቸውን ስም ሲጠየቁ የራሳቸውን ስም ይናገሩ ነበር። ስማቸውን እንዲጽፉ ሲታዘዙም ጀምረው ቀሪውን ይረሱት ነበር። በ1906 ሲያርፉ አንጎላቸው ሙኒክ ወዳለው ላቦራቶሪ ተላከ።

አልዛይመር በአንጎላቸው ውስጥ ሁለት ነገር አገኙ። አንደኛው በነርቭ ሕዋሳት መካከል የተከማቸ ጉድፍ መሰል ነገር ነው። ሁለተኛው በሕዋሳቱ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን ክሮች እንደ ተወሳሰበ ፈትል ተጠላልፈው መገኘታቸው ነው። አልዛይመር ይህን በኅዳር 1906 ለሐኪሞች ጉባኤ ቢያቀርቡም ከአዳራሹ አንድም ጥያቄ አልተነሣም። ክሬፔሊን በ1910 በመማሪያ መጽሐፋቸው በሽታውን በአልዛይመር ስም ጠሩት።

የአረጋውያን አንጎል

ፉለር ወደ ዌስትቦሮ ሲመለሱ በእጃቸው የነበረው ነገር ጥበቡና ሥራው ነው። በሆስፒታሉ ያረፉ ሰዎችን አንጎል አንድ በአንድ ይመረምሩ ነበር። በ1907 በልዩ ልዩ የአእምሮ በሽታዎች የሞቱ ሰዎችን የነርቭ ክሮች ያነጻጸሩበትን ጥናት አሳተሙ። ከእነዚህ መካከል በእርጅና ወራት አእምሯቸው የደከመባቸው ሰዎች ይገኙበት ነበር። በ1911 ደግሞ በአረጋውያን አንጎል ውስጥ ስለሚገኘው ስለዚያ ጉድፍ መሰል ክምችት ሰፊ ጥናት አወጡ።

በ1912 የወጣው ሥራቸው ከሁሉ ይበልጥ ይታወሳል። ራሳቸው የመረመሩትን አንድ የአልዛይመር በሽተኛ ታሪክ ጻፉ። እስከዚያ ጊዜ በሕትመት የወጡትን የሌሎች ሐኪሞች በሽተኞች ታሪክም ሰብስበው አብረው አቀረቡ። አብዛኛው በጀርመንኛ የተጻፈ ስለነበር የአውጉስተ ዴተርን ታሪክ ጨምሮ በእንግሊዝኛ ለሚያነቡ ሐኪሞች ያደረሱት እሳቸው ናቸው። በአሜሪካ በበሽታው ላይ እንዲህ ያለ የተሟላ ጽሑፍ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር።

ፉለር የመምህራቸውን ቃል ተቀብለው የሚደግሙ ተማሪ አልነበሩም። በዚያን ዘመን ብዙ ሐኪሞች በእርጅና የሚመጣው መርሳት ምክንያቱ የደም ሥሮች መድረቅ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ፉለር ያዩት አንጎል ይህን ስላላረጋገጠላቸው ምክንያቱን ተጠራጠሩት። ጉድፍ መሰሉ ክምችትም ሆነ የተወሳሰበው ክር ለብቻው በሽታውን ለመለየት በቂ ምልክት አይደለም ሲሉም ጻፉ። ይህ ጥያቄ ዛሬም አልተዘጋም። የጉድፉ ክምችት አሚሎይድ ከሚባል ፕሮቲን፣ የተወሳሰበው ክር ደግሞ ታው ከሚባል ፕሮቲን እንደሚሠራ በኋላ ዘመን ታውቋል። ሆኖም በሕይወት ሳሉ አእምሯቸው ደህና የነበረ ሰዎች አንጎል ውስጥ ክምችቱ ሊገኝ ስለሚችል፣ ሳይንቲስቶች ፉለር ያነሡትን ጥያቄ እስከ አሁን ይመላለሱበታል።

በ1909 በማሳቹሴትስ ግዛት በሚገኘው በክላርክ ዩኒቨርሲቲ ትልቅ ጉባኤ ተደርጎ ነበር። ሲግመንድ ፍሮይድና ካርል ዩንግ ከአውሮፓ ተጋብዘው መጥተው ነበር። በዚያ የተነሣው ፎቶግራፍ በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ታትሞ ይገኛል። በፎቶግራፉ ውስጥ በነጮቹ ምሁራን መካከል ቆመው የሚታዩት ጥቁር ሐኪም ፉለር ናቸው።

በደመወዝ መዝገብ ላይ ያልታየ ሥራ

ፉለር በዌስትቦሮ ከሃያ ዓመት በላይ ከሠሩ በኋላ በ1919 ለቀው ሙሉ ጊዜያቸውን ለቦስተን ዩኒቨርሲቲ ሰጡ። በ1921 የኒውሮሎጂ ተባባሪ ፕሮፌሰር ሆኑ። ከ1928 እስከ 1933 ድረስ የኒውሮሎጂን ትምህርት ክፍል በተግባር ሲመሩ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ኃላፊ የሚለው ማዕረግ ግን አልተሰጣቸውም። ደመወዛቸውም ከነጭ ባልደረቦቻቸው ያነሰ ነበር። በ1933 ከእሳቸው በታች የነበረ ነጭ ረዳት ፕሮፌሰር ሙሉ ፕሮፌሰር ተብሎ ኃላፊነቱ ሲሰጠው ፉለር ጡረታ ወጡ። ዩኒቨርሲቲው በኋላ የክብር ፕሮፌሰርነት ማዕረግ ሰጥቷቸዋል።

ሒሳብ የሚሠራ ሰው ይህን ሲያነብ ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ሥራው ተሠርቷል፤ የተሠራበት ሰነድ ግን የለም። ሰነድ ከሌለ ደግሞ ክፍያ የለም፤ ምስክርም የለም። ከዓመታት በኋላ መዝገቡን የሚከፍት ሰው ክፍሉን በእነዚያ አምስት ዓመታት ማን እንደመራ አያገኝም።

ፉለር ግን ይህ ሁሉ ከሥራ አላስተጓጎላቸውም። አንደኛው የዓለም ጦርነት ካለቀ በኋላ በአላባማ ግዛት በተስኪጊ ከተማ ለጥቁር የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ተከፍቶ ነበር። ለዚያ ሆስፒታል የሚያስፈልጉትን ጥቁር ሐኪሞች በአእምሮና በነርቭ ሕክምና ካሠለጠኑት አንዱ ፉለር ነበሩ። ቤታቸው በፍራሚንግሃም ከተማ ነበር። መጀመሪያ ወደዚያ ሰፈር ሲገቡ ነጭ ጎረቤቶች እንዳይገቡብን ብለው ፊርማ አሰባስበውባቸው ነበር። እሳቸው ግን ቤታቸውን ሠርተው፣ አትክልታቸውን ተክለው፣ በትርፍ ጊዜያቸው መጽሐፍ እየጠረዙ በዚያው ኖሩ። በሽተኞቻቸውንም በዚያው ይቀበሉ ነበር።

ባለቤታቸው ሜታ

የፉለር ታሪክ ያለ ባለቤታቸው ታሪክ ሙሉ አይሆንም። ሜታ ቮ ዋሪክ በ1877 በፊላደልፊያ የተወለዱ ቀራጺ ነበሩ። ፓሪስ ሄደው ተምረዋል፤ ሥራቸውን ያዩት ታላቁ ቀራጺ ሮዳንም አበረታተዋቸዋል። በ1909 ከዶክተር ፉለር ጋር ተጋቡ። በ1910 ሥራዎቻቸውና መሣሪያዎቻቸው የተቀመጡበት የፊላደልፊያ መጋዘን ተቃጥሎ የብዙ ዓመት ልፋታቸው አመድ ሆነ። ሦስት ወንዶች ልጆች እያሳደጉ ቆይተው እንደገና መቅረጽ ጀመሩ።

ከሥራዎቻቸው ሁሉ የታወቀው በኢትዮጵያ ስም የሚጠራው ነው። በ1921 በኒውዮርክ በተደረገ ኤግዚቢሽን ላይ ቀርቦ ነበር። ሐውልቱ አንዲት ሴትን ያሳያል። ከወገቧ በታች እንደ ጥንት ግብጻውያን አስከሬን በጨርቅ ተጠምጥማለች። ከወገቧ በላይ ግን ጥምጥሙን እየፈታች ከእንቅልፍ ትነሣለች። በዚያን ዘመን በባርነት የተጋዙት ጥቁሮች ልጆች አፍሪካን በሙሉ ኢትዮጵያ ብለው ይጠሩ ነበር። የአድዋ ድልም ይህን ስም አክብሮት ጨምሮለት ነበር። እኛ ስለ እሳቸው ሳንሰማ እሳቸው በአገራችን ስም የምትነሣ ሴት ቀርጸው ነበር ማለት ነው።

ፉለር የስኳር በሽታ ነበረባቸው። በ1940ዎቹ በዚሁ በሽታ የተነሣ የዓይናቸውን ብርሃን አጡ። ዕድሜያቸውን በማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ ለኖሩ ሰው ይህ ከባድ ነበር። ሜታ ቅርጻቸውን ትተው ባላቸውን ማስታመም ጀመሩ። ማስታመሙ ዓመታት ወሰደ። ዶክተር ፉለር ጥር 16 ቀን 1953 በ80 ዓመታቸው አረፉ። በዚያው ዘመን ሜታ ራሳቸው በሳንባ ነቀርሳ ታመው ረጅም ጊዜ ሆስፒታል ተኙ። ከዳኑ በኋላ ወደ ቅርጽ ሥራቸው ተመልሰው እስከ 1968 ኖሩ።

ስለ ፉለር የተጻፉት አጫጭር ታሪኮች ብዙዎቹ ስለ 1912ቱ ጽሑፍ ያነሣሉ። ሜታ ባላቸውን ያስታመሙባቸውን ዓመታት ግን በአንድ መስመር ያልፋሉ። የፉለር ድካም በደመወዝ መዝገብ ላይ አልሰፈረም፤ የሜታ ድካም ደግሞ መዝገብ ያለው ሥራ ሆኖም አልተቆጠረም። ለፉለር በኋላ ክብር መጥቶላቸዋል። በቦስተን አንድ የአእምሮ ጤና ማዕከል በስማቸው ተሰይሟል። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም በስማቸው ሽልማት ይሰጣል። በፍራሚንግሃም ደግሞ በአንድ ወቅት ፊርማ በተሰበሰበባቸው ከተማ አንድ ትምህርት ቤት በባልና ሚስቱ በሁለቱም ስም ተጠርቷል።

ለእኛ የሚሆነው

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዛሬ በዓለም ላይ ከ55 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች ከመርሳት በሽታ ጋር ይኖራሉ። ከእነዚህ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ውስጥ ያሉ ናቸው። አልዛይመር ከመርሳት በሽታዎች ሁሉ በብዛት የሚታየው ነው። ይኸው ድርጅት እንደሚለው ለእነዚህ ሰዎች ከሚሰጠው እንክብካቤ ሰዓት 70 በመቶውን የሚሸፍኑት ሴቶች ናቸው።

ከፉለር ሥራ የምንወስደው የመጀመሪያው ነገር ችግሩ በሽታ መሆኑን ማወቅ ነው። እርግማን አይደለም፤ የልጆች ክፋትም አይደለም። ጠበል መሄድም ሆነ ዱዓ ማስደረግ ከሐኪም ቤት አያግድም። በተለይ ለውጡ በጥቂት ቀን ወይም ሳምንት ውስጥ የመጣ ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አይዘግይ። የእንቅርት ዕጢ መዛባት፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ከባድ ኀዘንና ድብርት፣ ኢንፌክሽን፣ አንዳንድ መድኃኒቶችም መርሳትን ያመጣሉ። እነዚህ ሊታከሙ ይችላሉ። አልዛይመርን ግን እስከ አሁን የሚያድን መድኃኒት አልተገኘም። የደም ግፊትንና ስኳርን መቆጣጠር፣ ሰውነትን ማንቀሳቀስ፣ የመስማት ችግርን መታከም፣ ከሰው ጋር መዋል አደጋውን እንደሚቀንሱ ግን ይታወቃል።

ሁለተኛው የአነጋገር ነገር ነው። በሽተኛ እናትን ልጅዎን ረሱት እንዴ ብሎ መፈተን ጥቅም የለውም፤ ያሳፍራቸዋል እንጂ። ስማችንን ቀድመን መናገር፣ አንድ ነገር በአንድ ጊዜ መጠየቅ፣ ጠፋ የሚሉትን ቁልፍ አብሮ መፈለግ ይሻላል። የትናንቱን ቢረሱም የልጅነታቸውን ዘፈን ወይም ዝማሬ አብዛኛውን ጊዜ አይረሱም። ቡና ሲፈላ ከጓዳ አውጥተን አጠገባችን ብናስቀምጣቸው እሳቸውም ሰው መሆናቸው ይሰማቸዋል፤ አስታማሚዋም ለጥቂት ጊዜ ታርፋለች። ምድጃና ክብሪት ግን ለብቻቸው ካሉበት ይራቅ።

ሦስተኛው እኔን በሥራዬ የሚመለከተኝ ነው። በቁጠባና ብድር መዝገባችን ላይ ከስማቸው ፊት ለፊት ያልከፈለች ወይም የቀረች ተብሎ የተጻፈባቸው እህቶች አሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ለመቅረታቸው ምክንያቱ እናታቸውን ወይም አማታቸውን ብቻቸውን ጥለው መውጣት አለመቻላቸው ነው። ጉሊት የምትቸረችረው ሴት ገበያ ካልወጣች ገንዘብ የለም። ገንዘብ ከሌለ ቁጠባ ይቆማል፤ ቅጣት ይጨመራል። መዝገቡ ቅጣቱን ይጽፋል እንጂ ቀኑን ሙሉ ስትሠራ የዋለችውን ሥራ አይጽፍም።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ሦስት ሐሳቦች አቀርባለሁ። በመጀመሪያ፣ በአባላት መዝገብ ላይ አረጋዊ ወይም በሽተኛ የምታስታምም የሚል አንድ ዓምድ ይጨመር። ቀጥሎ፣ በዚያ ዓምድ የተመዘገበች አባል በስብሰባ መቅረት ምክንያት አትቀጣ፤ የብድር መክፈያ ጊዜዋም እንደ አቅሟ ይራዘም። በመጨረሻም፣ በየሰፈሩ ያሉ አባላት በሳምንት አንድ ግማሽ ቀን ተራ ገብተው አስታማሚዋን ይተኩ፤ እሷም ገበያዋን ወጥታ ትመለስ። ልጅ ስትወልድ ተራ ገብተን እንደምናርስ፣ ለቅሶ ሲሆን ተራ ገብተን እንጀራ እንደምንጋግር ሁሉ ይህም ከዚያ የተለየ ነገር አይደለም።

ለጋሽ ወዳጆቻችንም የምንሰጣችሁን ሪፖርት በብድርና በቁጠባ መጠን ብቻ እንዳታዩት እጠይቃለሁ። ሐሳቡ ከጸደቀ በሚቀጥለው ዓመት ሪፖርት ላይ ስንት እህቶች በማስታመም ላይ እንዳሉና ስንት ግማሽ ቀን እንደተተኩ በቁጥር አሳውቃችኋለሁ። ዓምዱን በመዝገቡ ላይ አስምሬ አዘጋጅቻለሁ፤ የሚቀረው የእናንተ ድምፅ ነው።